አህያውን ፈርቶ ዳውላውን
ስለ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ቅርንጫፍና ስለ ሂስ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)




 ርእሴ በተነገረ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ አይቻለሁ። በዚህ መድረክ ላይ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ትምህርት ጥራት ሲነገር ሰንብቶ፣ ዛሬ አንድ ተማሪ ተነሥቶ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ልናገር ቢል ነገሩ ቧልት ቢመስል አያስደንቅም። እኔ ግን የመጣሁት ለቧልት አይደለም። ልናገር የምፈልገው ስለ ፍርድ ነው፤ ይኸውም አንድን ሥራ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ከማለታችን በፊት ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው። ጨዋታን ምሳሌ ያደረግሁት ነገሩ በእርሱ ላይ ግልጥ ሆኖ ስለ ታየኝ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ያደግሁት በአያት ነው። የቀላል ባቡሩ መስመር በምሥራቅ በኩል ከሚያልቅበት ሥፍራ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ ውስጥ አንድ ጌም ቤት ነበረ። ክረምት ሲሆን ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራልና፣ ከትምህርት ቤት የተመለስን ልጆች መሸሸጊያችን እርሱ ነበር። አራት ቴሌቪዥንና አራት ፕሌይስቴሽን ነበሩበት። ሕጉ አጭር ነው፤ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ከአሥሩ ልጅ ዘጠኙ የሚጫወተው ኳስ ነበር። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ግን ገንዘብ አዋጥተን በሰዓት እየከፈልን «ሜታል ጊር ሶሊድ አምስት»ን እንጫወት ነበር። ኳስ ጠባቂዎቹ በእኛ ይናደዱ ነበር፤ እኛ ጨዋታ ከጀመርን ተራ አንለቅምና።

በ2018 በየካቲት ወር የዚሁ ጨዋታ ቅርንጫፍ የሆነ «ሜታል ጊር ሰርቫይቭ» የተባለ አዲስ ሥራ ወጣ። እኔም በስልክ ያነበብሁትን ይዤ ጌም ቤቱ መካከል ቆምሁና ንግግር አደረግሁ። «ይህ ጨዋታ ቆሻሻ ነው፤ የጥበብ ውርደት ነው፤ ማንም እንዳይነካው» አልሁ። ልጆቹም አጨበጨቡልኝ። የሱቁ ባለቤት እናት፣ ሁላችን እትዬ የምንላቸው፣ በር ላይ ተቀምጠው ሂሳብ ይሰበስቡ ነበርና ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ተጫውተኸዋል?» አሉኝ።

«አልተጫወትሁትም እትዬ፤ ግን ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው» አልሁ።

«እኔ ያልቀመስሁትን ወጥ ጨው በዛበት ብል ምን ትለኛለህ?» ብለው ወደ ሂሳባቸው ተመለሱ።

ልጆቹ ሳቁ፤ እኔ አፈርሁ። ነገር ግን ማፈር ብቻውን ትምህርት አይሆንም። የእትዬ ጥያቄ ምን ማለት እንደ ሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ የምነግራችሁም ይህንኑ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ታሪኩን ባጭሩ ልናገር። «ሜታል ጊር» በ1987 በጃፓን አገር ኮናሚ በተባለው ኩባንያ ተሠርቶ ኤም ኤስ ኤክስ ሁለት ለተባለው የቤት ኮምፒዩተር ወጣ። የነደፈው ሂዴዎ ኮጂማ የተባለ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረ ሰው ነው። የጦርነት ጨዋታ እንዲሠራ ታዝዞ ሳለ፣ ማሽኑ ደካማ ስለ ነበረ ብዙ ጠላትና ብዙ ጥይት በአንድ ጊዜ ማሳየት አልቻለም። ስለዚህ ተጫዋቹ ከሚዋጋ ይልቅ እንዲደበቅ አደረገ። እኛ በልጅነታችን «ኩኩሉ!» ስንባል «አልነጋም!» እያልን ከግንብ ሥር እንደምናደርገው ማለት ነው፤ የታየ ተሸነፈ። የማሽኑ ድህነት አንድ አዲስ የጨዋታ ዓይነት ወለደ። በ1998 «ሜታል ጊር ሶሊድ» በፕሌይስቴሽን ሲወጣ ዝናው በዓለም ሁሉ ናኘ። ጨዋታው ስለ ኑክሌር መሣሪያ፣ ስለ መንግሥታት ምስጢርና ስለ ጦርነት ነጋዴዎች ረጅም ታሪክ ይተርካል፤ ተጫዋቹም ያለ ግድያ ማለፍ ሲችል የሚመሰገንባቸው ክፍሎች በኋላ መጡ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ረጅም ዕድሜ ያለው ሥራ እንደ ዛፍ ነው። ዋናው ታሪክ የሚሄድበት ግንድ አለ፤ ከግንዱ የሚወጡ ቅርንጫፎችም አሉ። ቅርንጫፍ የምለው ስሙንና ዓለሙን ከግንዱ ወስዶ በሌላ መንገድ የሚጫወት ሥራ ነው። በ2004 የወጣው «ሜታል ጊር አሲድ» ለምሳሌ በእጅ ለሚያዘው ለፒ.ኤስ.ፒ. የተሠራ ሲሆን፣ እርምጃው ሁሉ በካርድና በተራ የሚከናወን ነበር። ሐያስያኑ ግር ቢላቸውም ብዙዎቹ በጎ ቃል ሰጡት።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ነገር ላንሣ። በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ አለው፤ መወድስ ስምንት ቤት አለው። አንድ ተማሪ ጉባኤ ቃና ሲቀኝ፣ ይህ ለምን መወድስ አልሆነም ብሎ የሚወቅሰው መምህር የለም። መምህሩ የሚመረምረው ሁለቱ ቤት መምታቱን፣ ሰሙ ከወርቁ መግጠሙን፣ ምስጢሩ መሙላቱን ነው። ሥራው በተነሣበት መልክ ይመዘናል። ይህ የቆየ የአገራችን የሂስ ሕግ ለቪዲዮ ጨዋታ ቅርንጫፍም ቢሆን ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት የሚሠራ ይመስለኛል።

ሕጉ በትክክል የሠራበትን አንድ ጊዜ ልጥቀስ። በ2013 «ሜታል ጊር ራይዚንግ» የተባለ ቅርንጫፍ ወጣ። ይህ ሥራ በመጀመሪያ በ2009 ሲታወቅ የኮጂማ ሠራተኞች ራሳቸው እየሠሩት ነበር፤ ነገር ግን ሰይፍ የመቁረጡን ነገር ወደ ጨዋታ መለወጥ አቃታቸው። በኋላም በኦሳካ ከተማ ለሚገኘው ለፕላቲነም ጌምስ ተሰጠ። ዋናው ሰው ራይደን ነው። ራይደን በ2001 በወጣው በሁለተኛው «ሶሊድ» ውስጥ የተወደደውን ጀግና ስኔክን ተክቶ በመምጣቱ ብዙ ተጫዋቾች የጠሉት ሰው ነበር። እንግዲህ ሥራው ከሌላ ስቱዲዮ መጣ፤ ሰውየው የተጠላ ነው፤ መደበቅ የነበረው ጨዋታ ወደ ሰይፍ መምዘዝ ተለወጠ። ለመናደድ ምክንያት የሚፈልግ ሰው ሦስት ምክንያት ነበረው።

ሐያስያኑ ግን አብዛኞቹ እንደ ቅኔ መምህር አደረጉ። ይህ ሥራ ሊሆን የተነሣው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። የሰይፍ ጨዋታ ሊሆን ነው የተነሣው። እንግዲያስ ሰይፉ ይቆርጣል ወይ? ይቆርጣል፤ ተጫዋቹ ጊዜውን አዝግሞ የሚቆርጥበትን አቅጣጫ ራሱ ይመርጣል። ትልልቆቹ ጠላቶች ሲመጡ ዘፈኑ ከውጊያው ጋር አብሮ ይነሣል። ይህን አመሰገኑ። ደግሞም ካሜራው በጠባብ ቦታ ተጫዋቹን እንደሚያስት፣ ታሪኩም በጥቂት ሰዓት እንደሚያልቅ ነቀፉ። ሜታክሪቲክ የተባለው የሐያስያንን ነጥብ የሚያሰባስበው ድርጅት ከ100 ወደ 80 የሚጠጋ አማካይ አወጣለት። ምስጋናውም ነቀፋውም ከሥራው የወጣ ነው። ከዓመታት በኋላም ወጣቶች እንደ ገና አግኝተው ወደዱት፤ ዘፈኖቹም በየቦታው ተሰሙ።

አሁን ወደ «ሰርቫይቭ» እንመለስ። እርሱን ለመረዳት በመካከል የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2015 በኮናሚና በኮጂማ መካከል ጠብ እንዳለ ተሰማ። «ሶሊድ አምስት» በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሲወጣ የኮጂማ ስም ከሽፋኑ ላይ ተነሥቶ ነበር። በታኅሣሥ በአሜሪካ በተደረገው የጨዋታዎች ሽልማት ላይ ሥራው ሲሸለም፣ ኮጂማ መጥቶ እንዳይቀበል በኩባንያው ጠበቃ እንደ ተከለከለ አዘጋጁ በመድረክ ላይ በግልጥ ተናገረ፤ አዳራሹም በተቃውሞ ድምፅ ሞላ። በዚያው ወር ኮጂማ ከኩባንያው ወጥቶ የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመ። ተጫዋቾች ይህን እንደ ግፍ ቆጠሩት። እኔም እንደዚያው ቆጥሬዋለሁ፤ ዛሬም ቢሆን መልካም ሥራ ነበር አልልም።

ዓመት ሳይሞላው በነሐሴ 2016 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ በተደረገው የጨዋታዎች ትርኢት ላይ ኮናሚ «ሰርቫይቭ»ን አስታወቀ። ኮጂማ ከኩባንያው ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ «ሜታል ጊር» መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ በውስጡ ሞተው የሚንቀሳቀሱ ፍጥረቶች፣ ማለት ዞምቢዎች፣ አሉበት። በማስታወቂያው ፊልም ሥር የጠሉት ሰዎች ቁጥር የወደዱትን በብዙ በለጠ። በመስከረምም ኮጂማ በጉዳዩ ሲጠየቅ፣ ሥራው እርሱን እንደማይመለከተውና ሜታል ጊር ስለ ፖለቲካና ስለ ስለላ እንጂ ስለ ዞምቢ እንዳልሆነ ተናገረ። አስተውሉ፤ ሥራው የወጣው በየካቲት 2018 ነው። ፍርዱ ግን ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ተፈርዶ አልቆ ነበር።

አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። ባለአህያው እርግጫ ስለሚፈራ አህያውን መምታት ትቶ ጭነቱን ይደበድባል። ብዙው ተጫዋች የተናደደው በኩባንያው ነው፤ ኩባንያው ግን ሩቅ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ዱላ አይደርስበትም። ስለዚህ ዱላው በጨዋታው ላይ አረፈ። ሐያስያኑ የሰጡት አማካይ ወደ 60 ገደማ ሲሆን፣ ተጫዋቾች ራሳቸው የሰጡት ነጥብ ግን እጅግ ዝቅ ያለ፣ ከመለኪያው ግርጌ የተጠጋ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የጨዋታውን ጥራት አይነግረንም፤ የቁጣውን መጠን ነው የሚነግረን። ያን ዝቅተኛ ነጥብ ከሰጡት መካከል ምን ያህሉ ጨዋታውን ከፍተው አይተውት ይሆን? እኔ ነጥብ ስጥ ብባል ኖሮ ዜሮ እሰጥ ነበር፤ እንዳልተጫወትሁትም ታውቃላችሁ።

ጨዋታውን ያገኘሁት በ2020 ነው። በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ በአጎቴ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ የአጎቴም ልጅ ዲስኩን ከአንድ ጓደኛው ተውሶ አመጣው። ልጀምረው ስል የእትዬ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ወታደር በአቧራ ወደ ተዋጠ ሌላ ዓለም ይጣላል። ውኃ መፈለግ፣ እንስሳ አድኖ መብላት፣ እንጨትና ብረት መልቀም፣ አጥር ማጠር አለበት። በራሳቸው ፋንታ ስለታም ድንጋይ የበቀለባቸው ፍጥረቶች በመንጋ ይመጣሉ። እርሱም ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ በቀዳዳው ጦር እየሰደደ ይከላከላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ተሰላቸሁ። የጨዋታው ሰው ቶሎ ቶሎ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፤ አንዲት ፍየል አድኖ በልቶ ሳይጨርስ መልሶ ይርበዋል። መንጋው ደደብ ነው፤ አንዱ የሚያደርገውን ሁሉም ያደርጋል። የመሬቱም አብዛኛው ክፍል ከ«ሶሊድ አምስት» እንዳለ የተወሰደ ነው። እነዚህን ጉድለቶች ሐያስያኑ ቆጥረው ጽፈዋቸው ነበር፤ ልክ ነበሩ።

በሦስተኛው ሌሊት ግን አንድ ነገር ሆነ። በአቧራው ጉም ውስጥ የምትተነፍሰው አየር በጀርባህ በተሸከምኸው ጣሳ ያለው ብቻ ነው። ካርታው አይሠራም፤ የምትመራው በሩቅ በሚታይ መብራት ነው። አየሩ እያለቀ፣ መንገዱ እየጠፋ፣ የሠፈሬን መብራት ከሩቅ ባየሁ ጊዜ ትንፋሼን ይዤ እንደ ነበረ የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው። የአጎቴ ልጅም ከኋላዬ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። አንዳንድ ሐያስያንም ይህን ፍርሃትና የምሽግ ሥራውን አመስግነዋል፤ የሚሰማቸው ግን አልነበረም። እኔ በጌም ቤቱ መካከል ቆሻሻ ነው ያልሁት ጨዋታ ይህ ነበር። ትልቅ ሥራ አይደለም፤ ቆሻሻም አይደለም። ብዙ ጉድለትና ጥቂት መልካም ሰዓት ያለው መካከለኛ ሥራ ነው።

ጓደኞቼ፤ ጠበቃ ሆኜ እንዳልታያችሁ ሌላውንም ወገን ልናገር። አንድ ጓደኛዬ ይህን ንግግር ሳሰናዳ ሰምቶ እንዲህ ሲል ተከራከረኝ፤ «ኩባንያውን ከሥራው ለይተህ ማየት አትችልም። ስሙን የተጠቀመው እርሱ ነው። ስሙ በሌላ ሰው ላብ የከበረ ስም ነው። በስሙ ከሸጠ በስሙ ይመዘን።» ክርክሩ ከባድ ነው። ስም ዕዳ ነው፤ ስምን የወሰደ ዕዳውንም ወስዷል። በዚህ እስማማለሁ።

ደግሞም የኩባንያው ጠባይ ከውጭ ሳይቀር ወደ ሥራው ውስጥ የገባበት ቦታ አለ። «ሰርቫይቭ» ብቻህን ስትጫወት እንኳ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። ሁለተኛ ሰው ፈጥረህ ከመጀመሪያው ልጀምር ብትል፣ ማስቀመጫ ቦታውን ወደ አሥር የአሜሪካ ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ግዛ ትባላለህ። አርባ ዶላር ከፍለህ በገዛኸው ዕቃ ውስጥ ሌላ መሳቢያ ልክፈት ስትል እንደገና ክፈል መባል ነው። በውጭ አገር ያሉ ሐያስያን በዚህ ተቆጡ፤ ቁጣቸውም ትክክል ነበር። ለእኛ ግን ነገሩ ከዚያም የባሰ ነው። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ በእጁ ያለው የአያት ልጅ የትኛው ነው?

በሰኔ መጨረሻ 2020 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ መዘጋቱም ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በዚያ ሰሞን ሰው ሲሞትና ቤት ሲቃጠል ስለ ጨዋታ ማዘን ነውር ነው፤ እኛም አላዘንንም። አንድ ቀን ግን የአጎቴ ልጅ ሐሳቡን ሊያዘናጋ ፈልጎ ማሽኑን ከፈተ። ዲስኩ በእጃችን አለ፤ መብራትም አለ፤ ጨዋታው ግን አልከፈትም አለ። አሮጌው «ሶሊድ አምስት» ዋናው ታሪኩ ያለ ኢንተርኔት ተከፈተ። በዚያን ቀን በ«ሰርቫይቭ» ላይ ልሰነዝረው የሚገባኝን እውነተኛ ሂስ አገኘሁት። ይህ ጨዋታ መስመር በማይቆረጥበት አገር ለሚኖር ሰው የተሠራ ነው፤ እኛን አላሰበንም። ይህን ሂስ ያገኘሁት ከሌላ ሰው አፍ አይደለም፤ ዲስኩን ከከተትሁበት ማሽን ፊት ነው። ቢጫወቱት ኖሮ ሌሎቹ የአያት ልጆችም ይህንኑ ባገኙት ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የኩባንያው በደል በሥራው ውስጥ ሲገኝ ሐያሲው ቦታውን ጠቁሞ እንዲህ ሆኗል ሊል ይገባዋል። በሥራው ውስጥ የሌለውን በደል ግን በራሱ ስም፣ በራሱ ቦታ፣ በባለቤቱ ላይ ይናገር። ኮጂማን በድለሃል ብሎ ለኩባንያው መጻፍ ድፍረት ነው። ያንኑ በደል በአጥሩና በጦሩ ላይ ማውረድ ግን ዳውላ መደብደብ ነው። በዳውላው ውስጥ ደግሞ የሰው እህል አለ። «ሰርቫይቭ»ን የሠሩት ሠራተኞች በጠቡ ላይ የወሰኑ ሰዎች አልነበሩም፤ ተቀጥረው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ጨዋታው በወጣ ሰሞን በመጀመሪያው ክፍል በሚታይ የስም ዝርዝር ውስጥ የስሞቹ መጀመሪያ ፊደሎች ሲገጣጠሙ ለቀድሞው የኮጂማ ስቱዲዮ ዘላለማዊነትን የሚመኝ ቃል እንደሚወጣ ተጫዋቾች አወሩ። ሆነ ተብሎ የተደረገም ይሁን አጋጣሚ፣ አንድ ነገር ያስታውሰናል፤ የተደበደበው ዳውላ ውስጥ ከደብዳቢው ጋር አብረው ያዘኑ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ።

በነሐሴ 2025 ያው ኮናሚ፣ ያው ኮጂማ የሌለበት ኩባንያ፣ በ2004 የወጣውን ሦስተኛውን «ሶሊድ» አድሶ አወጣ። ሐያስያኑም በመልካም ተቀበሉት። ቁጣው ፍጹም የመርሕ ቁጣ ቢሆን ኖሮ እንደ ገና በነደደ ነበር። ጊዜ አበረደው። በጊዜ የሚበርድ ነገር ስሜት ነው፤ ፍርድ ግን በጊዜ አይበርድም።

ወደ ማጠቃለያዬ ተቃርቤአለሁ። አንድን ሥራ፣ ጨዋታም ይሁን ግጥም፣ ቲያትርም ይሁን የጓደኛችን ንግግር፣ ለመመዘን ስንነሣ ሦስት ጥያቄ ብንጠይቅ ይበቃናል እላለሁ። አንደኛ፣ ይህ ሥራ ሊሆን የተነሣው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ የተነሣለትን ሆኗል ወይ? ሦስተኛ፣ ምን አስከፈለ፣ ማንንስ አስከፈለ? ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የእትዬ ጥያቄ ይቀድማል፤ ቀምሰኸዋል ወይ?

በአገራችንም የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች ተነሥተዋል። በአዲስ አበባ የተሠራውንና ከገበሬው የምትሸሸውን ዶሮ የምናስሮጥበትን «ኩኩሉ»ን በስልካችሁ የተጫወታችሁ ትኖራላችሁ። ነገ ከዚህ አዳራሽ ሌሎችም ይወጣሉ። ሥራቸው በጃፓንና በአሜሪካ ሚዛን ቢለካ ጉባኤ ቃናን መወድስ ሁን ማለት ይሆናል። የአገር ልጅ ስለ ሆኑ ብቻ ብናሞግሳቸውም ያው ዳውላውን ማየት ነው፤ በዱላ ፋንታ በአበባ መምታት ብቻ ይሆናል። ሁለቱም ሳይጫወቱ መፍረድ ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ስለ ራሴ ነው። ባለፈው ዓመት በዚህ አዳራሽ አንድ የተማሪዎች ቲያትር ታይቶ ነበር። ያዘጋጀው ክፍል በማኅበራችን ምርጫ እኔ የደገፍኋቸውን ዕጩዎች ያሸነፈው ወገን ነበረ። በማግስቱ በሻይ ክበብ ተቀምጬ፣ ቲያትሩ የማይረባ ነው ብዬ አወራሁ። ሌሎችም ከእኔ ሰምተው አወሩ። እኔ ግን በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ አልነበርሁም፤ ቤቴ ነበርሁ። ከእትዬ ፊት ካፈርሁ በኋላ፣ ጨዋታውን ተጫውቼ ፍርዴን ከለወጥሁ በኋላ፣ ያንኑ ስሕተት ደገምሁት። ደራሲው ከዚያ ወዲህ አልጻፈም ሲሉ ሰምቻለሁ። በእኔ ምክንያት መሆኑን አላውቅም፤ በእኔ ምክንያት እንዳይሆን ግን እመኛለሁ። ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጧል። ወንድሜ ሆይ፤ ሥራህን አላየሁትም ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ። ጽሑፉ በእጅህ ካለ ስጠኝና አንብቤ፣ የወደድሁትንም ያልወደድሁትንም ስሜን ጽፌ በዚህችው ጋዜጣችን ላይ አወጣዋለሁ። ያንተ ወገን ምርጫውን እንዴት እንዳሸነፈ የምለው ካለኝ ደግሞ በስብሰባ ላይ ፊት ለፊት እናገረዋለሁ፤ የእርሱ ቦታ እዚያ ነው።

«የሺ ፍልጥ ማሠሪያው ልጥ» እንደሚባለው፣ ያወራሁት ሁሉ የሚታሠረው በእትዬ አንዲት ጥያቄ ነው። ሂስ የምንጽፍ ሁሉ እርስዋን በወረቀታችን ራስ ላይ ብንጽፋት ማኅበራችንም ጋዜጣችንም ይጠቀማሉ።